በሰቆጣ መንገዶች ከእናቴ ጋር

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንወያየው ስለ ቤትና ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳና ስለ ሥራ ቦታ ነው። ዛሬ ግን ከቤት አውጥቼ መንገድ ልወስዳችሁ ነው። የከተማ ሰው የዕረፍት ቀን ሲያገኝ ልጆቹን ይዞ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ሶደሬ ይወርዳል፤ አቅሙ ያልፈቀደለትም እንጦጦ ወጥቶ፣ አየር ተቀብሎ ይመለሳል። "አገር ማየት" የምንለው ይህንኑ ነው። እኔም በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ የሰባት ዓመት ልጄንና እናቴን ይዤ ወደ ሰቆጣ የተነሣሁት አገር ለማየት ነበር። መኪናው ውስጥ የነበርነው ሦስታችን ግን አንድ ዓይነት አገር አላየንም።

እናቴ የተወለደችው ከሰቆጣ በስተደቡብ ባለው በጋዝጊብላ ወረዳ፣ ከአስከተማ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ነው። አዲስ አበባ የገባችው በ1978 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሰው ቤት ሠርታ፣ ኋላም ጉሊት ቸርችራ እኔን አሳድጋለች። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ቀን ወደ አገሯ ተመልሳ አታውቅም ነበር። ስጠይቃት "ምን ቀረልኝ ብዬ ልሂድ?" ነበር መልሷ። በዚያ ዓመት ታላቅ እኅቷ፣ አክስቴ፣ "ሳልሞት ዓይንሽን ልየው" ብላ በስልክ ለመነቻት። እናቴ ሁለት ቀን ዝም ብላ ሰነበተችና በሦስተኛው ቀን "ሻደይ መቼ ነው የሚውለው?" ስትል ጠየቀችኝ። መሄዷን ያወቅሁት በዚህ ነው።

ሻደይን ለማታውቁት ጥቂት ልበል። በሰቆጣና በአካባቢዋ ልጃገረዶች ከነሐሴ 16 ቀን ጀምረው፣ ማለትም የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ፣ እስከ 21 ቀን ድረስ የሚያከብሩት በዓል ነው። ሻደይ የተባለውን ረጅም ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አሥረው፣ ከበሮ ይዘው በቡድን ሆነው ይጨፍራሉ፤ በየቤቱም እየዞሩ ያዜማሉ። በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ አካባቢ ሶለል ይሉታል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሴት ልጅ ያለ ከልካይ ከቤት የምትወጣበት፣ በአደባባይ የምትዘፍንበት ጊዜ መሆኑ አንድ ነው። በቀረው ዓመት ውኃና እንጨት ስትሸከም የምትከርም ልጅ በእነዚያ ቀናት ማንም አያዝዛትም።

ከአዲስ አበባ ሰቆጣ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ ወልድያ በአውቶቡስ ሄድን፤ እዚያ የአክስቴ ልጅ በፒክ አፕ መኪናው ጠበቀን። እንግዲህ ሕፃን ይዛችሁ ለምትጓዙ እናቶች አንድ ምክር ልስጥ፤ ከአላማጣ በላይ ያለውን የግራካሱን ዳገት ከመጀመራችሁ በፊት ለልጁ ብዙ አታብሉት። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያወጣው ይህ መንገድ ከቆላው ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ወደ ደጋው ይወጣል፤ በእያንዳንዱ ጥምዝ የራያ ሜዳ ከእግራችሁ በታች እየሰፋ ይሄዳል። ግሩም ነገር ነው። ልጄ ግን መኪናው ስላዞራት ሎሚ እያሸተተች ዓይኗን ጨፍና ነው የወጣችው። "ዓይንሽን ግለጪ፣ እዪ" እያልሁ ስጨቀጭቃት እናቴ "ተያት፣ ይደርስላታል" አለች።

ኮረም ስንደርስ የአክስቴ ልጅ መኪናውን አቁሞ "ሻይ እንጠጣ" አለን። ደጋ ስለሆነ በነሐሴ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ፣ ጭጋጉ ከተራራው ላይ እየተገፈፈ ነበር። እናቴ ጉልበቴን አሞኛል ብላ ከመኪናው ሳትወርድ ቀረች። እኔም ልጄን ይዤ ወርጄ ሻይ ጠጣሁና በሩን ከፍቼ "እማዬ፣ እንዴት እንደሚያምር አየሽ?" አልኋት። መልስ አልሰጠችኝም።

ይህን የምናገረው እያፈርሁ ነው። ኮረም ምን እንደነበረች የማላውቅ ሰው አልነበርሁምና። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ስማር፣ ማይክል በርክ የተባለው እንግሊዛዊ ዘጋቢና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጹት ፊልም እንደ ትልቅ የሙያ ምሳሌ ሆኖ ቀርቦልን ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን ያስደነገጠ፣ የታወቁ ዘፋኞችን ለእርዳታ ያሰባሰበ ፊልም ነው። ስለ ካሜራው አያያዝ፣ ስለ ድምፁ አገባብ ፈተና ተፈትኜበታለሁ፤ ጥሩ ውጤትም አግኝቼበታለሁ። እናቴ በኮረም በኩል እንዳለፈች ሳውቅ፣ ስለዚያ ጊዜ አንድ ጥያቄ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። እርሷም አልነገረችኝም። በብዙ ቤት እንዲህ ይመስለኛል፤ እናት ትደብቃለች፣ ልጅም የተደበቀውን ላለማየት ፊቷን ታዞራለች።

ከኮረም ወደ ሰቆጣ መንገዱ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ዳገትና ቁልቁለቱ ይፈራረቃል፤ ደጋው ወደ ቆላ ይወርዳል፣ የፀላሪን ወንዝ ተሻግሮ እንደገና ይወጣል። ዋግን በሩቅ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ድንጋዩን ነው። ተራራው ድንጋይ፣ የእርሻው ካብ ድንጋይ፣ ቤቱ ድንጋይ። በክረምት ግን በዚያ ድንጋይ መካከል ያለው ጠባብ እርከን ሁሉ ለምልሞ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጫፍ የከበበው ወይራና ጥድ ታጥቦ ሲታይ ዓይን ይማርካል። ይህን መንገድ በበጋ ያየ ሰው ሌላ አገር ነው የሚመስለው ይላሉ።

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ናት። የዋግ ሹሞች መቀመጫ ነበረች። ከእነርሱ አንዱ ዋግ ሹም ጎበዜ፣ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። በአሞሌ ጨው ንግድ የታወቀች ገበያም ነበረች። በማግስቱ ገበያ ስንወጣ የሆነውን ግን ከታሪክ መጽሐፍ አላገኘሁትም። እናቴ ከአንዲት የማር ነጋዴ ፊት ቆመች። ሴትዮዋ በዕድሜ የገፉ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ናቸው። በአማርኛ ዋጋ ነገሩን። እናቴ ዝቅ ብላ በኽምጣና መለሰችላቸው።

ከእናቴ አፍ ያን ቋንቋ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሠላሳ ዓመት አብሬአት ኖሬ! ሴትዮዋ እጇን ይዘው አልለቅም አሉ፤ ሁለቱ እያወሩ፣ እየሳቁ፣ አንዳንዴም ዝም እያሉ ቆዩ። ስንመለስ "ለምን አላስተማርሽኝም?" ብዬ ተቆጣሁ። "ከማን ጋር ልታወሪበት? አንቺን በሰፈሩ ልጆች እንዳይስቁብሽ ብዬ ነው" አለችኝ። ማሩ ነጭና ወፍራም ነበር። ልጄ ጣቷን እየነከረች ስትልስ እናቴ አንድም ቃል አልተናገረቻትም፤ እኔ በልጅነቴ እንዲያ ባደርግ አለንጋ ነበር የሚጠብቀኝ።

ከሰቆጣ የሚወጡት መንገዶች ብዙ ናቸው። በጣም አጭሩ ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚወስደው ሲሆን 6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቋጥኝ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የፊት ገጹን የቀረጸው እጅ ምን ያህል ትዕግሥት እንደነበረው ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። በውስጡ ሳይፈርስ የቆየ የሰው አስከሬን አለ፤ የዋግ ሹሞች ናቸው ይባላል። ልጄ ፈርታ ቀሚሴን ይዛ ወጣች።

ሁለተኛው ወደ ዝቋላ ወረዳና ወደ ተከዜ የሚወርደው ነው። 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ውኃው ወደ ኋላ ተኝቶ፣ ፍየል አርቢ የነበረው የዋግ ቆላ ዓሣ አስጋሪ ወጣቶችን አፍርቷል። እኔም ያን ሐይቅ ለማየት ጓጉቼ እናቴንና ልጄን ትቼ ሄድሁ። ግራር እየበዛ፣ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ሹራቤን አውልቄ ጥቂት እንደተጓዝን ከመንገዱ የሚያቋርጥ ጅረት ሞልቶ ጭቃ እያንከባለለ ሲወርድ አገኘን። አንድ ሰዓት ጠብቀን ተመለስን። በነሐሴ የምትሄዱ ከሆነ ሐይቁን አትቁጠሩበት።

ሦስተኛው መንገድ ወደ ጋዝጊብላ፣ ወደ እናቴ አገር የሚወስደው ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

ነሐሴ 13 ቀን ማለዳ ነው የተነሣነው። መንገዱ ወደ ደቡብ እየወጣ ሲሄድ ማሽላው እየቀረ ገብሱና ባቄላው ይመጣል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል። በግራና በቀኝ ገደልና አምባ ነው። እረኛ ልጆች የመኪና ድምፅ ሲሰሙ ከካቡ ላይ ብቅ ይላሉ፤ ልጄ በመስኮት ስታውለበልብላቸው እጃቸውን አውጥተው ይመልሱላታል። ከአንድ ከፍታ ላይ ስንደርስ እናቴ የአክስቴን ልጅ ትከሻውን ነካ አድርጋ "እስኪ አቁም፣ ልጄ" አለችው። እኔ ዕይታው አስደስቷት መስሎኝ ፎቶ ላነሣት ስልኬን አወጣሁ። እርሷ ወርዳ ፊቷን ወደ ምሥራቅ፣ ወደመጣንበት አቅጣጫ መልሳ ቆመች።

"እዚህ ነው መጀመሪያ ያረፍነው" አለች።

ቀጥላም ነገረችን። በ1976 ክረምት ዝናቡ ቀረ። ቀድሞም ሁለት ዓመት አዝመራው አልያዘም ነበር። አባቷ በሬዎቹ ካለቁ በኋላ ታመው ሞቱ። ጥቅምት ላይ እናትየዋ ቤቱን ዘግተው ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ፤ አክስቴን፣ የአሥራ አምስት ዓመቷን እናቴንና ሁለት ዓመት ያልሞላውን ወንድማቸውን። ሕፃኑን ያዘለችው እናቴ ነበረች። ከዚህ ከፍታ ተነሥተው ኮረም ለመድረስ ስድስት ቀን ፈጀባቸው። እኛ በመኪና የመጣንበትን ማለቷ ነው፤ እኛ "ያ አምባ፣ ይህ ሸለቆ" እያልን በጣታችን የጠቆምነውን ሁሉ እርሷ በእግሯ ታውቀዋለች። ያ ጅረት ውኃ አልነበረውም። በዚያ ዋርካ ሥር ሰዎች ተቀምጠው ሳይነሡ ቀሩ። የፀላሪ ዳገት ላይ እናትየዋ "ልጁን አምጪልኝ፣ ልያዘው" ቢሏት እምቢ አለች፤ "ከሰጠኋት ሁለቱም አይነሡም ብዬ ነው" አለችን። ኮረም በደረሱ በአራተኛው ቀን፣ የእርዳታው ዱቄት እጃቸው ከገባ በኋላ፣ ሕፃኑ ሞተ።

ልጄ ሁሉንም ሰምታ "እማማ፣ ስሙ ማን ነበር?" ስትል ጠየቀቻት።

እናቴ ስሙን ነገረቻት። እኔም የአጎቴን ስም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እዚህ አልጽፈውም፤ የእርሷ ነው። ስልኬን ወደ ቦርሳዬ መለስሁት።

አስከተማ ላይ እኅትማማቾቹ ስለ መገናኘታቸው ብዙ አልጽፍም። ሁለቱም አላለቀሱም። አክስቴ "ከሳሽ" አለቻት፤ እናቴም "አንቺስ?" አለቻት። ከዚያ ለሦስት ቀን ያህል ከጎኗ አልተለየችም።

በማግስቱ አክስቴ የልጅ ልጇን ወደ ጤና ኬላ ስትወስድ ተከተልናት። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት ወዲህ በየቀበሌው ያሉትን ሠራተኞች ታውቋቸዋላችሁ። አንዲት ወጣት ሕፃናቱን በተራ እየመዘነች፣ የግራ ክንዳቸውን ላይኛውን ክፍል በቀለም በተከፈለች ጥብጣብ ትለካለች። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቢጫው ላይ ነው፤ ክትትል ያስፈልገዋል። ከ11.5 በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ በአስቸኳይ ሕክምና ይገባል። እናቴ ጥብጣቧን ስታይ ቀረብ አለች። "ያኔም ኮረም ላይ ክንዱን ለክተውት ነበር" አለችኝ በጆሮዬ። የአክስቴ የልጅ ልጅ አረንጓዴው ላይ ነበር። እናቴ ግን አላመነችም፤ "ድገሚው እስኪ፣ ልጄ" ብላ አስለካችው። ልጅቷም ሳትሰለች ደገመችው።

እዚህ ላይ ለእናቶች የሚጠቅም ስለሆነ ልጨምር። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ ላይ መንግሥት አንድ ቃል ገባ፤ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ለማስቀረት። ስሙም "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" ተባለ። በረሃብ ስሟ የተነሣ ከተማ በስሟ ቃል ተገባባት ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ከ100 ሕፃናት 38ቱ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል። መቀንጨር የቁመት ማጠር ብቻ አይደለም፤ የአእምሮ ዕድገትንም ይነካል። ልጁ ከተፀነሰበት ቀን ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመቱ ያሉት 1,000 ቀናት ካለፉ የጎደለውን መሙላት እጅግ ከባድ ነው። ጤና ኬላው በር ላይ ያች ወጣት ለእናቶቹ ገንፎ እየሠራች ታሳያቸው ነበር፤ የገብስ ዱቄት ብቻውን እንደማይበቃ፣ ባቄላ ወይም ሽምብራ እንደሚቀላቀልበት፣ እንቁላል ከተገኘም ለገበያ ከመሄዱ በፊት ለልጁ እንደሚሰጥ። "በጾምም ቢሆን ሕፃን አይጾምም" አለች ጠንከር ብላ፤ ከእናቶቹ ሁለቱ ተያዩ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለን እናቶችስ? ልጆቻችን ብስኩትና ለስላሳ ጠግበው እንቁላሉን ሲገፉት ዝም የምንል ብዙ ነን። እኔ አንዷ ነኝ።

ነሐሴ 16 ቀን ሰቆጣ ነበርን። ጾሙ ተፈታ፤ ከተማዋ በከበሮ ተሞላች። ልጃገረዶች ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ሻደዩን ወገባቸው ላይ አሥረው በየመንገዱ ይፈሳሉ፤ ሲዞሩ ሣሩ አብሮ ይዞራል። የአክስቴ ልጅ ለልጄ ሣር ገዝቶ አመጣላት። እኔ ላሥርላት ብሞክር ተንሸራተተብኝ። እናቴ "ስጪኝ" ብላ ተንበረከከችና በሁለት ዙር አስተካክላ፣ ቋጠሮውን በጎን አድርጋ አሠረችላት። እጇ አልረሳውም ነበር።

"አንቺስ እማማ፣ ትጨፍሪ ነበር?" አለቻት ልጄ።

"በአሥራ አራት ዓመቴ ነው መጨረሻዬ። በአሥራ አምስት ዓመቴ አልወጣሁም። የዚያን ዓመት ሣሩም አልበቀለ" አለቻት።

ከበሮው ወደ እኛ ሲቀርብ አንዲት ልጅ ልጄን በእጇ ጎትታ አስገባቻት። እናቴ ጉልበቷን ረስታ እስከ መንገዱ ጠርዝ ተከተለቻት፤ ግጥሙንም ከንፈሯ ያውቀው ነበር። አልገባችም። እኔም አልገፋፋኋትም።

ስንመለስ በላስታ በኩል ነው የመጣነው፤ ብልባላን አልፈን ላሊበላ አደርን። በዚያ መንገድ በዋሻ ውስጥ የተሠራው ይምርሃነ ክርስቶስ አለ። እንጨትና ድንጋይ እየተደራረበ የታነጸ፣ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የሚቀድም ሕንፃ ነው። እናቴ ዳገቱን አልችልም ስላለች እኛም ሳናየው አለፍን።

ይህን ስጽፍ ነገ ተነሥታችሁ ሂዱ ማለቴ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሰቆጣ ደረሰ፤ ከአበርገሌና ከዝቋላ የተፈናቀሉ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በከተማዋ መጠለያዎች ገቡ። ለወራት ስልክ ተቋርጦ የአክስቴን ድምፅ ሳንሰማ ቆየን። በ2015 ዓ.ም. ዝናቡ በዋግ ቆላማ ወረዳዎች እንደገና ቀረ፤ በክልሉም ሌላ ግጭት ተነሣ። ስለዚህ የምትሄዱ ካላችሁ አስቀድማችሁ የመንገዱን ሁኔታ የአገሩን ሰው ጠይቁ።

ልጄ አሁን ከእኔ እኩል ቁመት አላት። ከሰቆጣ ያመጣችው ሣር ደርቆ እናቴ ቤት በፎቶ መስተዋቱ ጀርባ ተሰክቷል። እናቴ ክረምት በገባ ቁጥር ስልኩን እኔ እንድደውልላት ታደርግና ከአክስቴ ጋር ታወራለች። አሁን አሁን በኽምጣና ነው የሚያወሩት፤ እኔ የምለየው ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄዋን ግን ደጋግሜ ከመስማቴ የተነሣ አውቄዋለሁ። ሣሩ በቅሎ እንደሆነ ነው የምትጠይቃት።